ነሐሴ በመጣ ቁጥር፦ የነገሌ ቦረና የኳስ ትዝታ

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ማንችስተር ዩናይትድ አርሰናልን በኦልድ ትራፎርድ የሚያስተናግድበት ጨዋታ በኢትዮጵያ ሰዓት አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ዕለቱ ከረመዳን የመጨረሻ ቀናት አንዱ ስለነበር በነገሌ ቦረና ብዙ ደጋፊ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት የገባው ጾሙን እንደያዘ ነው። የመግሪብ አዛን የተሰማው የመጀመሪያው አጋማሽ ገና ሳያልቅ ነበር። ግማሹ ተመልካች ቴምርና ውኃ ፍለጋ ወጣ፣ ሌላው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ከጓደኛው የተቀበላትን ቴምር ጎረሰ፣ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አልነቀለም።

ሊያፈጥሩ የወጡት ሲመለሱ ውጤቱ 3ለ1 ሆኖ ጠበቃቸው። ዳኒ ዌልቤክ ከመረብ ካገናኘ በኋላ አርሰናል ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ነበር። ሮቢን ቫን ፐርሲ መታው፣ ወጣቱ በረኛ ዴቪድ ዴ ሄያ አዳነው። ብዙም ሳይቆይ አሽሊ ያንግ ሁለተኛውን፣ ዌይን ሩኒ በቅጣት ምት ሦስተኛውን አስቆጠሩ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ቲዮ ዋልኮት አንድ ስላገባ የአርሴ ቲፎዞ ሙሉ በሙሉ ተስፋ አልቆረጠም። «አንድ ብናገባ እኮ ጨዋታው ይለወጣል» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር አልጠፋም።

ከእረፍት በኋላ የሆነውን ግን ማንም አልገመተም። ሩኒ ደገመ። ናኒ አገባ። ፓርክ ጂ ሱንግ አገባ። ቫን ፐርሲ አንዱን ቢመልስም ሩኒ በፍጹም ቅጣት ምት ሦስተኛውን፣ ያንግ በጭማሪ ደቂቃ ስምንተኛውን አከሉ። የአርሰናሉ ተከላካይ ካርል ጄንኪንሰን በቀይ ካርድ ወጣ። 8ለ2። ለንደን ውስጥ የታሪክ መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች አርሰናል ለመጨረሻ ጊዜ ስምንት ጎል ተቆጥሮበት የተሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1896 እንደነበር ጻፉ። ነገሌ ውስጥ ግን መዝገብ ያገላበጠ አልነበረም። የማንቼ ደጋፊ አስፋልቱን ይዞ እየዘፈነ ወጣ፣ የአርሴ ደጋፊ ማሊያውን በጃኬት ሸፍኖ በጓሮ በር ወደ ቤቱ አቀና።

በነገሌ፣ በፊልቱ፣ በሻኪሶ፣ በያቤሎና በሞያሌ የኖረ የኳስ ወዳጅ ያን ምሽት ሲያነሳ የሚያስታውሰው ጎሎቹን ብቻ አይደለም። የዘመኑን መልክ ጭምር ነው። ያኔ ጨዋታ የሚታየው በጋራ ነበር። ቆርቆሮ ለብሶ ቆርቆሮ የከደነ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከሳንቃ የተሠሩ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ደግሞ የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ። ጥቂት ብር የከፈለ ይገባል፣ ያልያዘ ሕፃን በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል። መብራት ሲሄድ ባለቤቱ ጀነሬተር ለማስነሳት ይሮጣል፣ በዚያች ጨለማ ውስጥ ጎል ከተቆጠረ ደግሞ ክርክሩ ሳምንት ይከርማል። ሽርጥ ያገለደመ ግመል ነጋዴ፣ ደብተር የያዘ ተማሪ፣ ከሥራ የወጣ መምህር፣ የሎንቺና ሾፌር ሁሉ እዚያው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ቤት ውስጥ ወገን የሚለየው በቋንቋ ወይም በጎሳ አልነበረም። ቀኝ ረድፍ አርሴ፣ ግራ ረድፍ ማንቼ፣ ከኋላ ቼልሲና ሊቨርፑል። ኮሜንታተሩ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ተመልካቹ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ ይመልስለታል።

የ2003 ነሐሴ ደግሞ ተራ ነሐሴ አልነበረም። በ2003 መግቢያ ላይ ይጠበቅ የነበረው የሀገያ ዝናብ ቀርቶ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዋናው ዝናብም ሳይበቃ አልፏል። ቦረናና አካባቢው በድርቅ ተመትቶ ከብት ያልቃል። ከወሰኑ ማዶ በደቡብ ሶማሊያ ረሃብ መግባቱ በሐምሌ ወር በይፋ ታውጆ፣ ዶሎ አዶ አጠገብ ያሉት መጠለያዎች ከመቶ ሺህ በላይ ስደተኛ ተቀብለዋል። ወደ ዶሎ አዶ የሚወስደው መንገድ በነገሌና በፊልቱ ያልፋል። እህልና ድንኳን የጫኑ ከባድ መኪኖች ከተማዋን ሲያቋርጡ ሾፌሮቹ ለአዳር ይቆማሉ፣ ለአዳር የቆመ ሾፌር ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ኳስ ያያል። 8ለ2 ሲጠናቀቅ ከተቀመጡት መካከል በዚያው ሳምንት ላሙ የሞተችበት ሰው፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ስደተኞቹ መጠለያ የሚነዳ ሾፌር ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ሰው ለለንደን ቡድን ማዘኑ ትርጉም የለሽ የሚመስለው ካለ፣ እነዚያን ቤቶች አያውቃቸውም። ከብቱን ያጣ ሰው ስለ ከብቱ ቀኑን ሙሉ አውርቶ ደክሞታል። ማታ ስለ ቫን ፐርሲ ሲያወራ ጎረቤቱ መልስ አለው፣ ሙግት አለው፣ ሳቅ አለው። ሐዘኑም ቢሆን ተካፋይ ያገኛል።

አርሰናል በዚህ አገር ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ዋናው ምክንያት ጊዜው ነው። ዲሽ በየከተማው መተከል በጀመረበት ሰሞን በስክሪኑ ላይ የነበረው የአርሴን ቬንገር ቡድን ነበር። በ1996 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ተጫውቶ 26ቱን አሸንፎ፣ በ12ቱ አቻ ወጥቶ፣ አንዴም ሳይሸነፍ ዋንጫ አነሳ። ያለመሸነፍ ጉዞው 49 ጨዋታ ደርሶ የተገታው በ1997 ጥቅምት፣ እዚያው ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነው። ቲዬሪ ኦንሪ፣ ፓትሪክ ቪዬራ፣ ንዋንኩ ካኑ፣ ኮሎ ቱሬ የሚባሉ ጥቁር ኮከቦች በአንድ ማሊያ ሲታዩ የቆላው ልጅ ልቡን ሰጠ። በዚያ ዕድሜ የተሰጠ ልብ ደግሞ በሽንፈት አይመለስም። በ2003 ወጣት ሆነው 8ለ2 ያዩት፣ በ1996 በቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያዩ የነበሩት ናቸው።

ከእነርሱ በፊት የነበረው ትውልድ ኳስን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው የሚያውቀው። ነገሌ የጦር ሠፈር ከተማ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች በውኃና በምግብ ጉዳይ ያመፁባት፣ ሊያረጋጉ ከአዲስ አበባ የመጡትን ጄኔራል ይዘው የራሳቸውን ምግብ ያበሉባት፣ የአብዮቱ የመጀመሪያ ምልክት የታየባት ከተማ ነች። እንደዚያ ባለ ሩቅ ሠፈር ሬዲዮ ዘመድ ነበር። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ሬዲዮ ከብቦ የሰማ ሰው ዛሬም ያን ቀን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል። በኋላ እንደ ሊብሮና ሀትሪክ ያሉ የስፖርት ጋዜጦች በአውቶቡስ መምጣት ጀመሩ። ወሬው ከአዲስ አበባ ዘግይቶ ቢደርስም ወረቀቱ እጅ በእጅ ሲዞር እስኪቀደድ ይነበብ ነበር።

ወደ 2003 እንመለስ። ከ8ለ2 በኋላ የነበሩት ቀናት ለአርሴ ደጋፊ የሰቀቀን ቀናት ነበሩ። ሴስክ ፋብሬጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ሳሚር ናስሪ ወደ ማንችስተር ሲቲ በዚያው ነሐሴ ሄደዋል። ጃክ ዊልሸር ተጎድቷል። በሦስት ጨዋታ የተገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፣ እርሱም ኒውካስል ላይ ያለ ጎል የተወሰደ። የዒድ ሰሞን ሰው ለሰው ሲጎበኛኝ፣ ከሳምቡሳውና ከሻዩ ጋር የሚቀርበው ጨዋታ የዝውውር መስኮቱ ነበር። መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ሚኬል አርቴታ፣ ፔር መርተሳከር፣ ዮሲ ቤናዩን፣ አንድሬ ሳንቶስና ፓርክ ቹ ዮንግ ተሰበሰቡ። «ጋሼ፣ ቬንገር አረጁ እኮ፤ ይልቀቁ!» የሚል ወጣት ነበር። «ዋንጫ ሲያመጡልህ አላረጁም ነበር?» የሚል ሽማግሌም ነበር። በሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ሁለቱም እስኪመሽ ይከራከራሉ፣ ሁለቱም በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው አግዳሚ ላይ ይገኛሉ።

ቀጣዩ ጨዋታ ጳጉሜን 5 ዋለ። አርሰናል ስዋንሲን በሜዳው 1ለ0 አሸነፈ። ጎሏም ጎል ተብላ የምትዘመር አልነበረችም። የስዋንሲው በረኛ የለቀቃት ኳስ የራሱን ተከላካይ ተረከዝ መትታ አንድሬ አርሻቪን እግር ሥር ወደቀች፣ እርሱም ባዶው መረብ ውስጥ ከተታት። የሆነው ሆኖ ሦስት ነጥብ ናት። ዓመቱ ሠግር ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ አንድ ቀን ቀርቶታል። የበዓል በግ የሚጎትት ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን የማንቼ ደጋፊ «እንኳን አደረሰህ!» ሲለው የሚፈልገውን ሁለተኛ ትርጉም ሁለቱም ያውቁታል።

ደስታው ግን አልዘለቀም። መስከረም እንደገባ አርሰናል ብላክበርን ላይ 4ለ3 ተሸነፈ። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱን በራሳቸው መረብ ያስቆጠሩት አሌክስ ሶንግና ሎራን ኮሲየልኒ ነበሩ። ቦልተንን ቢያሸንፍም በቶተንሃም 2ለ1 ተረታ። ሰባት ጨዋታ፣ ሰባት ነጥብ። የደረጃ ሰንጠረዡን ለማንበብ ዓይን ከላይ ወደ ታች ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር። ያኔ ነው የማንቼው ወገን «ወራጅ ቀጠናውን ሰላም በሉልን» ማለት የጀመረው።

ይህን ጊዜ የኖረ ሰው ስለ ትዕግሥት የሚናገረው ከዚያ ሰሞን ተነሥቶ ነው። በደጋው ነሐሴ የዝናብ ወር ነው፣ መስከረም ደግሞ የብራ፣ የአደይ አበባ። በቦረናና በጉጂ ቆላ ግን ነገሩ ይገላበጣል። ነሐሴ ደረቅና ነፋሻ ነው። ሰው ዓይኑን ሰማይ ላይ የሚተክለው አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ፣ ሀገያ ይመጣ ይሆን እያለ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ ኳስ ሲጀምር የቆላው ሰው ራሱ ሌላ ነገር እየጠበቀ ነው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ሰማዩ ባዶ ስለሆነ ብቻ «ዘንድሮ አይዘንብም» ብሎ ከብቱን ሁሉ የሚሸጥ አርብቶ አደር የለም፣ ትንሽ ይጠብቃል። «ገና ጥቅምት አልገባም» የምትለው አባባል ስለ ዝናብም ስለ አርሴም ትባል ነበር።

ጥቅምት ገባ። ጥቅምት 18 ቀን 2004 ዓ.ም. አርሰናል ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲን 5ለ3 አሸነፈ፣ ቫን ፐርሲ ሦስት አገባ፣ ጆን ቴሪ ኳስ ሲቀበል ተንሸራትቶ የወደቀባት ቅጽበት በየዲኤስቲቪ ቤቱ ለወራት ተተወነች። በዚያው ሰሞን ሀገያም ዘነበ፤ ከሁለት የከሸፉ ወቅቶች በኋላ በደቡብ ቆላና በዶሎ አካባቢ ጥሩ ዝናብ፣ አንዳንድ ቦታም ጎርፍ ሆነ። ኳሱና ዝናቡ አይተዋወቁም። ግን አብረው ስለመጡ በሰዎች ትዝታ ውስጥ አብረው ቀሩ። ያ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው ቫን ፐርሲ ዓመቱን በ30 የሊግ ጎል ጨረሰ። አርሰናል በ70 ነጥብ፣ ከቶተንሃም በአንዲት ነጥብ በልጦ ሦስተኛ ሆነ። አራት ያገባበት ብላክበርን ወረደ። ቫን ፐርሲ በሚቀጥለው ነሐሴ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሲሄድ የአርሴ ደጋፊ የተሰማው ሕመም ከ8ለ2 አያንስም፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የአጀማመር ጭንቀት የባዕድ ቡድን ብቻ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዋልያዎች ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ሱዳን ሄደው 5ለ3 ተሸነፉ። በሜዳቸው ሁለት ለባዶ ማሸነፍ ይበቃቸዋል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋንጫ ከራቀች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። በቆላው ከተሞች ያን ሰሞን የነበረው ክርክር የተለየ ነበር፤ ቀኝ ረድፍና ግራ ረድፍ የለም። «ሦስት አግብተን መጥተናል እኮ» የሚለው በአንድ ወገን፣ «አምስት የገባበት ተከላካይ ምን ያድነናል» የሚለው በሌላ ወገን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ በሁለተኛው አጋማሽ አገቡ። 2ለ0። በድምር 5ለ5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ኢትዮጵያ አለፈች። በዚያ ምሽት በነገሌ መንገድ ላይ የአርሴና የማንቼ ማሊያ የለበሱ ሰዎች አንድ ባንዲራ ይዘው ሮጡ። በዋንጫው ላይ ደግሞ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ በጎደሎ ከዛምቢያ ጋር 1ለ1 አቻ የተወጣበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በቡርኪና ፋሶ የተቀመሰው 4ለ0፣ በናይጄሪያ የተቀመሰው 2ለ0፣ ሁሉም ፊት ሳይጠቁርበት በፍቅር ይነሣል።

ሞያሌ ላይ የኳስ ሕይወት የራሱ ጠባይ ነበረው። ከተማዋ ለሁለት አገር ተከፍላለች፣ ሰዓቷ ግን አንድ ነው። በስዋሂሊም እንደ አማርኛው ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጫ ስለሆነ «በ12 ሰዓት እንገናኝ» የሚል የኬንያው ሞያሌ ሰውና የኢትዮጵያው ሞያሌ ሰው አይተላለፉም። የኬንያው ወገን መብራት የሚያገኘውም ከኢትዮጵያ በሚሻገር መስመር ነበር። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ለአርሴውም ለማንቼውም፣ ለኢትዮጵያዊውም ለኬንያዊውም አብሮ ይጠፋል። ወዲያ ማዶ የአርሰናል ፍቅር ከወዲህ አይተናነስም። የግመል ወተት በሻይ እየጠጡ ስለ ቬንገር የሚጣሉ ሁለት ሰዎች በሁለት ፓስፖርት አንድ ቡድን ይደግፋሉ።

ከ2003 አሥር ዓመት አልፎ ታሪኩ የተደገመ መሰለ። ነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. አርሰናል ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ትልቁ ሊግ በተመለሰው ብሬንትፎርድ 2ለ0 ተሸነፈ። በቼልሲ 2ለ0። በማንችስተር ሲቲ 5ለ0። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል፣ በመረቡ ዘጠኝ። ከሃያ ቡድን ሃያኛ። የአሠልጣኝነት ወንበር ላይ የነበረው ደግሞ ያኔ ከ8ለ2 በኋላ በመጨረሻው ቀን የተገዛው ሚኬል አርቴታ ነው። የድሮው ደጋፊ ይህን ሲያይ ያቺን ነሐሴ አስታወሰ፣ ለወጣቶቹም ነገራቸው። «እናንተ 5ለ0 አይታችሁ ታለቅሳላችሁ፤ እኛ ስምንት አይተን አድረናል!»

ያም ነሐሴ በቦረና የድርቅ ነሐሴ ነበር። በ2013 መጀመሪያ የተጠበቀው ሀገያም ተከታዩ ዋና ዝናብም ከሽፈዋል። ማንም ያላወቀው ነገር የባሰው ገና እንደሚመጣ ነው። በድምሩ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፣ እስከ 2015 በዘለቀው በዚያ ድርቅ በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ በቦረናና በዙሪያው አለቀ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የመጀመሪያውን ድርቅ በ2003 ያዩ ሰዎች ይህኛውን «የማያልቀው» ሲሉት እውነት ነበራቸው።

ስክሪኑ ላይ ግን አዲስ ዓመት ከአዲስ ነገር ጋር መጣ። መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ አርሰናል ኖርዊችን 1ለ0 አሸነፈ። ፒዬር ኤምሪክ ኦባሜያንግ አገባት። ዶሮ ወጡ ገና ከምድጃ ሳይወርድ የዓመቱ የመጀመሪያ ነጥብ ተገኘ። መስከረም 16፣ ደመራ ተለኩሶ ሰው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ምሽት፣ ኤሚል ስሚዝ ሮው፣ ኦባሜያንግና ቡካዮ ሳካ በ34 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አስቆጥረው ቶተንሃምን 3ለ1 ሸኙ። ሃያኛ የነበረው ቡድን ዓመቱን አምስተኛ ጨረሰ።

ያን ዓመት የሳቁት የማንቼ ደጋፊዎች ተራቸውን የጠበቁት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ልክ በዓመቱ፣ ልክ በዚያችው በጽንሰታ ዕለት፣ ያው ብሬንትፎርድ ማንችስተር ዩናይትድን በ35 ደቂቃ ውስጥ አራት አግብቶ 4ለ0 አሸነፈ። ከዚያ በፊት በብራይተን ተሸንፈው ስለነበር ዩናይትድ ሃያኛ ሆነ። አርሴዎቹ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን ነው፤ ያስቀሩት አንድም ቃል አልነበረም። ይሁንና ዩናይትድም ከሳምንት በኋላ ሊቨርፑልን አሸነፈ፣ በየካቲት የሊግ ካፕ አነሳ፣ ሦስተኛም ሆኖ ጨረሰ። በነሐሴ የተነገረው ሁሉ በግንቦት ከሰው አፍ ጠፋ።

ዛሬ እነዚያ ቤቶች እንደ ድሮው አይደሉም። ወጣቱ ጎሉን በስልኩ በቴሌግራም ያያል፣ ውጤቱን ከመንገድ ላይ ያውቃል። ከሁሉ በላይ የስፖርት ውርርድ ቤቶች መጥተዋል። በነሐሴ የሚሸነፍ ቡድን ድሮ የሚወስደው የደጋፊውን እንቅልፍ ነበር፣ አሁን የቀን ሥራ ዋጋውን ይወስዳል። አንድ ወጣት አርሴን እየደገፈ አርሴ እንዲሸነፍ ብር ሲያስይዝ ያየ አንጋፋ ደጋፊ የሚሰማው ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ያ አግዳሚ ከሰው ጋር መሸነፍን ያስተምር ነበር። የውርርድ ወረቀት ግን ሰውን ለብቻው ነው የሚያሸንፈው።

በሌላ በኩል መልካም ነገርም መጥቷል። ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐር ስፖርት መታየት ሲጀምር፣ የእንግሊዝን ኳስ ያሳይ የነበረው ያው ስክሪን ሐዋሳ ከተማን፣ ሲዳማ ቡናን፣ በ2014 ወደ ሊጉ የተመለሰውን አርባ ምንጭ ከተማን ማሳየት ጀመረ። ደቡቡ የሩቅ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ሐዋሳ በ1996 እና በ1999 ዋንጫ ያነሳ ቡድን ነው። የደቡቡ ልጅ እግር ያፈራውን ኳስ ደቡቡ ራሱ በስክሪን ሊያየው በቃ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የሚቆጭ ነገር አለ። ለአርሰናል 8ለ2 የታገሠ፣ ሃያኛ ሆኖ ሳለ «ገና ጥቅምት አልገባም» ያለ ደጋፊ፣ ለአገሩ ቡድን ያን ትዕግሥት ብዙ ጊዜ ይነፍገዋል። የአገር ውስጥ ክለብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ አሠልጣኝ ይባረራል፣ ሜዳው ባዶ ይሆናል፣ ቻናሉም ይቀየራል። አርባ ምንጭ በ2015 መጨረሻ ሲወርድ አብሮት ያዘነው ከደቡቡ ተመልካች ስንቱ ነው? በ2004 ጳጉሜን 5ለ3 የተሸነፉትን ዋልያዎች አምስት ሳምንት ጠብቆ የተካሰው ይኸው ሕዝብ ነበር። ስለዚህ ችሎታው አለው። የሚያንሰው ልማዱ ነው።

በነገሌ አቧራማ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ማሊያ የሚለብሱት የሳካንና የብሩኖ ፈርናንዴዝን ነው። በየዓመቱ በነሐሴ የሚሰበሰብ፣ በቡድን ስም የሚከራከር፣ ሽንፈትን በጋራ የሚያሳልፍ አንድ ሙሉ የደጋፊ ትውልድ በከተማቸው አለ። እነዚያ የ8ለ2 ምሽት ሰዎች ዛሬ አባቶች፣ መምህራንና ነጋዴዎች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት አንዱን ሰዓት ከስክሪኑ ነሥተው ሜዳው ዳር ቢቆሙ፣ ልጆቹ ሦስት ጊዜ ተከታትለው ቢሸነፉም በአራተኛው ቢመጡላቸው፣ በ2003 አግዳሚው ላይ ያደረጉትን ነው የሚደግሙት። ይህን ለማድረግ የደጋፊ ማኅበርም ዲሽም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከእነዚያ ምሽቶች ያተረፉትን ጽናት ለቅርቡ ቡድን መስጠት ነው፤ ልጆቹም ቅዳሜ ሲጫወቱ ዳር የሚቆም ሰው መኖሩን ማወቅ አለባቸው።